ሰፈሩ ቢበተንም እድሩ እንዳይበተን፦ ከአንዲት የእድር ጸሐፊ

እኔ የአንድ የካዛንቺስ እድር ጸሐፊ ነኝ። ካዛንቺስ የምለው የድሮውን ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሳ እድርተኛው በየአቅጣጫው ሄደ። ብዙው ገላን ጉራ ገባ። ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የተከራየም አለ። ልጆቹን ተከትሎ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የሄደም አለ፤ መዋጮውን ግን አላቋረጠም።

በፊት ሰው ሲሞት ለፋፊያችን ገና ሳይነጋ ተነስቶ በየበሩ እየዞረ ይናገር ነበር። ብዙም አይፈጅበትም። አሁን ከገላን ጉራ እስከ አራብሳ በእግሩ ይዙር? ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ ወደ ስልክ አዛወርነው። የሌሎች እድሮች ሰዎች «እንዴት አደረጋችሁት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ ብዬ ጻፍኩት። እድር ባይሆንም ለእቁብ፣ ለማኅበር፣ ለአብሮ አደጎች ስብስብም ይሆናል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። «አፕ እናሠራ» የሚል ወጣት በየእድሩ አይጠፋም። እኛም ጋ ነበረ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን አፑን የሠራው ልጅ ነገ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያድሰው የለም። ይልቅ እድርተኛው ስልኩ ላይ ቀድሞ ያለውን ተጠቀሙ። እኛ የምንሠራው በጎግል ሺትስ (የሠንጠረዥ መዝገብ ነው)፣ በጎግል ፎርም (መጠይቅ ነው)፣ በቴሌግራምና በጎግል ማፕ ነው። ሁሉም ነፃ ናቸው፤ የኢንተርኔት ዳታ ወጪ ብቻ ነው ያለው። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ተራ የስልክ ጥሪ አለ። እሱን እንዳትንቁት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ መዝገቡ

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ቴሌግራም ግሩፕ በመክፈት ነው። እኔ ግን ከመዝገቡ ጀምሩ እላለሁ። ማን አባል እንደሆነ፣ በእሱ ስም እነማን እንደሚረዱ፣ እስከ ስንት ወር እንደከፈለ አንድ ቦታ ካልተጻፈ ግሩፑ የጭቅጭቅ ቤት ነው የሚሆነው።

ለእድሩ ብቻ የሚሆን አዲስ ጂሜይል ክፈቱ። በጸሐፊው የግል ጂሜይል አይሁን። ከዚያ ጎግል ሺትስ ላይ አንድ ፋይል ክፈቱና ውስጡ ሦስት ገጽ አብጁ፦ «አባላት»፣ «ቤተሰብ» እና «ክፍያ»።

«አባላት» ላይ ለእያንዳንዱ አባወራ ወይም እማወራ አንድ መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው ዓምድ የአባል ቁጥር ይሁን። በስም ብቻ አትተማመኑ። አንዱ «ኃይሌ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀይሌ»፣ ሦስተኛው «ሃይሌ»። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለሺትስ ግን ሦስት ሰው ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»ም እንደዚያው። በአንዱ ፊደል ስትፈልጉ በሌላው የተጻፈው አይወጣም። በዚያ ላይ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ አባላት አሉን፤ የሚለዩት በአያት ስም ነው። ቁጥር ካለ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። የድሮው የእድር ደብተር ላይ ቁጥር ካለ እሱኑ ቀጥሉበት፤ ሽማግሌዎቹ በቃላቸው ያውቁታል። የለቀቀ አባል ቁጥር ለአዲስ ገቢ አይሰጥ፤ የቆየ ክፍያና የአዲሱ ክፍያ ይደባለቃል።

ስልክ ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። 09 ወይም 07 ብላችሁ ስትጀምሩ ሺትስ ተራ ቁጥር ይመስለውና ፊት ያለችውን ዜሮ ይበላታል። የውጭ አገር ቁጥር በመደመር ምልክት ስትጀምሩ ደግሞ ሒሳብ አስላ ያላችሁት ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ዓምዱን በሙሉ ምረጡና ፎርማት፣ ቀጥሎ ነምበር፣ ቀጥሎ ፕሌይን ቴክስት የሚለውን ንኩ። ይህን ያላደረገ እድር ሁለት መቶ ስልክ ጽፎ ሲጨርስ ዜሮዎቹን እንደገና ሲለቅም ይውላል።

ቀኑስ? ሺትስ የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የካቲት 5ን ለማለት «5/6/2017» ብትጽፉለት የፈረንጅ ቀን አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን ጭራሽ አይገባውም፤ ለእሱ 13ኛ ወር የሚባል ነገር የለም። እኛ ቀንን በሦስት ዓምድ ከፈልነው፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ወሩ በቁጥር አይጻፍም፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ከተደረደረ ዝርዝር ውስጥ ይመረጣል። ይህን ዝርዝር የምታበጁት ኢንሰርት ስር ድሮፕዳውን በሚለው ነው። ምርጫ ስለሆነ «ህዳር» እና «ኅዳር» እየተባለ አይዘበራረቅም።

«ቤተሰብ» የሚለውን ገጽ ብዙ እድር ይዘለዋል። ጠብ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። የእኛ ደንብ ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅና ለአማት የተለያየ መጠን ይከፍላል። ተረጂው ቀድሞ ካልተመዘገበ ሐዘን በወደቀ ሰዓት «እናቴ ናት»፣ «የለም፣ አሳዳጊው ናት» የሚል ክርክር ይነሳል። በዚያን ሰዓት ሐዘንተኛን ማስረጃ አምጣ ማለት ነውር ነው። አለማለት ደግሞ ለሌላው አባል ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተረጂ የራሱ መስመር ይኑረው፦ የአባሉ ቁጥር፣ የተረጂው ስም፣ ዝምድናው፣ የተመዘገበበት ዓመት። በዓመት አንዴ አባሉ ራሱ አይቶ ያረጋግጥ።

«ክፍያ» ላይ ለየወሩ አንድ ዓምድ አታብጁ። የወረቀቱ መዝገብ እንደዚያ ስለነበር ሁሉም እንደዚያ ይጀምራል። አንድ ክፍያ አንድ መስመር ይሁን፦ የአባል ቁጥር፣ የብሩ መጠን፣ የተከፈለበት ቀን፣ በምን እንደተከፈለ፣ የግብይት ቁጥር። የዓመቱን ባንድ ጊዜ የከፈለም፣ ውዝፍ ያወራረደም እኩል አንድ መስመር ነው የሚይዘው። ከዚያ «አባላት» ገጽ ላይ ሰምኢፍ የሚባል ቀመር በአባል ቁጥር እየፈለገ የከፈለውን ይደምራል። መክፈል ከነበረበት ላይ ሲቀነስ ውዝፉ ይወጣል። ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ በሚባለው መሣሪያ ደግሞ ውዝፉ ከሦስት ወር ያለፈው መስመር ቀይ እንዲሆን አድርጉ። ገንዘብ ያዣችን ይህን ያየ ዕለት «ታዲያ የኔ ሥራ ምን ሊሆን ነው?» አለ። ሥራውማ አለ። ቀይ የሆኑት ጋ የሚደውለው እሱ ነው።

ማን ምን ይንካ የሚለውን ቀድማችሁ ወስኑ። እኛ ጋ ገንዘብ ያዥ «ክፍያ»ን ይጽፋል። እኔ «አባላት»ንና «ቤተሰብ»ን እጽፋለሁ። ዳኛችን ያያሉ እንጂ አይጽፉም፤ ሼር ሲደረግላቸው ቪወር ተብለው ነው። ሁላችንም የምንገባው በየራሳችን ጂሜይል ነው። ምክንያቱም ፋይል ስር ቨርዥን ሂስትሪ የሚባል አለ፤ ማን፣ መቼ፣ የቱን እንደለወጠ ያሳያል። ሁሉም በአንድ አድራሻ ከገባ ግን ማን እንደለወጠ አይለይም። የሒሳብ መርማሪዎቻችን ሲመጡ መጀመሪያ የሚከፍቱት ይህንን ነው። ደግሞ ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፉት። የማን ውዝፍ ስንት እንደደረሰ የቡና ወሬ መሆን የለበትም።

ፎርሙ አጭር ይሁን

አድራሻው የተቀየረ ሰው ሁሉ ጋ እየደወሉ መጻፍ ያሰለቻል። ጎግል ፎርም የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ስልክ፣ አሁን የሚኖሩበት ቦታ፣ በቅርብ የሚገኝ ተጠሪ፣ አዲስ የተወለደ ወይም ያገባ ቤተሰብ ካለ። በቃ። ከአንድ የስልክ ገጽ ብዙ ያለፈ ፎርም ሰው ግማሹ ላይ ትቶት ይወጣል።

ሴቲንግ ውስጥ ሁለት ነገር አጥፉ። አንደኛው ኢሜይል የሚሰበስበው ነው። ሌላው ሰው አንዴ ብቻ እንዲሞላ የሚገድበው ነው። ሁለተኛውን ካበራችሁት ፎርሙ በጎግል አካውንት ግቡ ይላል። ፎቶ ስቀሉ የሚል ጥያቄም ይህንኑ ያስከትላል። ብዙ እናቶች ስልካቸው ላይ ያለውን ጂሜይል የከፈተው ሞባይል ቤት ያለ ልጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን እሱም ረስቶታል።

መልሱ በቀጥታ ወደ መዝገቡ አይግባ። ለብቻው ገጽ ላይ ይጠራቀም፣ ጸሐፊው ደውሎ ካጣራ በኋላ ያዛውረው። የወንድሙን ቁጥር በራሱ ቁጥር የሚሞላ አይጠፋም።

የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ። የመታወቂያ ፎቶ ለምን? የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለምን? አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁን ትተን እንኳ፣ ያልሰበሰባችሁት መረጃ አይሰረቅባችሁም።

ቴሌግራም፦ አንድ ቻናል፣ አንድ ግሩፕ

ሁለቱን አትቀላቅሉ። ቻናል ላይ የሚጽፈው ኮሚቴው ብቻ ነው። ግሩፕ ላይ ሁሉም ያወራል። መርዶና የስብሰባ ጥሪ ቻናል ላይ ይወጣል፤ «ነፍስ ይማር» እና «እግዜር ያጽናችሁ» ግሩፕ ላይ ይባላል። በአንድ ግሩፕ ብቻ የሚሠራ እድር አውቃለሁ። የቀብር ሰዓቱ ከመቶ «ነፍስ ይማር» በታች ተቀብሮ ሰው ሳይደርስ ቀርቷል።

ስለ ማስታወቂያው አጻጻፍ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ስሕተት ከባድ ነው። የእኛ እንዲህ ነው የሚወጣው፦

«የእድራችን አባል የአቶ እገሌ (ቁጥር 47) ወላጅ እናት አርፈዋል። ቀብር፦ ዛሬ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን። ለቅሶ ቤት፦ ገላን ጉራ፣ የሕንፃና የቤት ቁጥር እነሆ፣ ካርታው ከታች። ተረኛ፦ ምድብ 3።»

ሁልጊዜ ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን። ሰው ዐይኑ የት እንደሚያርፍ ይለምዳል። ቀኑን በስሙ ጻፉ፤ «ነገ» ብቻ ካላችሁ በማግሥቱ የከፈተው ሌላ ነገ ይመስለዋል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ግን አይቅር። ሜሪላንድ ላሉት ከታች አንድ መስመር እጨምራለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት እዚህ ሲሆን እነሱ ጋ በሐምሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በጥር ደግሞ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ልዩነቱ አንዴ 7 አንዴ 8 ሰዓት የሚሆነው እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ነው።

ሙስሊም አባላት አሉን። ቀብሩ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ማስታወቂያው እስኪያምር አይጠበቅም። መርዶው እንደተሰማ «ኮልፌ ሙስሊም መቃብር፣ ሰዓቱን እናሳውቃለን» ብለን እናወጣለን፣ ሰዓቱ ሲታወቅ እናርመዋለን። ለዚህ ብለን ቻናሉ ላይ ለመጻፍ ፈቃድ ያላቸውን ሦስት ሰው አደረግን። አንዱ ስልኩ ቢዘጋ ሌላው ያወጣል።

አዲስ መንደር ውስጥ አድራሻ በቃል አይያዝም። ካዛንቺስ እያለን «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ካልን በቃ ነበር። ገላን ጉራ ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ካርታ ላይ ነጥብ እንልካለን። የሐዘንተኛው ቤት ያለ ሰው ቴሌግራም ላይ የማያያዣዋን ምልክት ነክቶ ሎኬሽን ብሎ ያለበትን ይልካል። ተቀባዩ ነክቶት በጎግል ማፕ መክፈት ይችላል። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የሚጭነው መኪና ደግሞ ላይቭ ሎኬሽን ይከፍታል፤ ለ15 ደቂቃ፣ ለ1 ሰዓት ወይም ለ8 ሰዓት ይመረጣል። ድንኳን ተካዮቹ መኪናው የት እንደደረሰ ያያሉ፣ ሹፌሩም በየደቂቃው «የት ደረስክ?» አይባልም። ይህ በቴሌግራም ካገኘነው ሁሉ ትልቁ እረፍት ነው ብል አላጋነንኩም።

ተረኛ ለመመደብ ፖል (የድምፅ መስጫ ጥያቄ) ተጠቀሙ። «ዛሬ ድንኳን ተከላ የምትመጡ?» ብላችሁ «እመጣለሁ»፣ «ቀብር ላይ ብቻ»፣ «አልችልም» የሚሉ ምርጫዎች ስጡ። ስታዘጋጁት አኖኒመስ (ስም የማይገልጽ) የሚለውን አጥፉ። ካላጠፋችሁት ስንት ሰው እንደሚመጣ እንጂ ማን እንደሚመጣ አታውቁም፤ ቀሪ መቅጣትም አይቻልም። ቻናል ላይ የሚወጣ ፖል ሁሌም ስም አይገልጽም፤ ስለዚህ ይህኛው ግሩፕ ላይ ነው የሚሠራው።

ግሩፑን በመጋበዣ ሊንክ ክፈቱ፣ ግን ኮሚቴው ሳያጸድቅ ሰው እንዳይገባ አድርጉ። የሚገባው ሰው የአባል ቁጥሩን ይናገር። አንዴ ደግሞ አንድ የማናውቀው ሰው የዳኛችንን ፎቶና ስም ለጥፎ ለአባላት በግል «አስቸኳይ ለቅሶ አለ፣ ብር ላኩ» እያለ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ አናት ላይ የተሰካ መልእክት አለ፦ «ኮሚቴው በግል መልእክት ብር አይጠይቅም። ወደ ስልካችሁ የሚመጣ ኮድ ለማንም አትስጡ።» ስልክ ቁጥራቸው ለሁሉ እንዳይታይ የሚፈልጉ፣ በተለይ ወጣት ሴቶች፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ (ማንም አያየው) ያድርጉት።

ፖለቲካ፣ የተቀባበለ ወሬና ሽያጭ ግሩፑ ላይ ክልክል ነው። ደንቡ ቀላል ነው፤ ማስከበሩ ግን ጸሐፊን ያስጠላል። የሰው ስሜት ሲግል ስሎው ሞድ አብሩ። አንድ ሰው ከጻፈ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ሳይቆይ ድጋሚ መጻፍ አይችልም። ከብዙ ምክር የተሻለ ይሠራል።

ቴሌግራም ለሌለው

መዝገቡ ላይ «መንገድ» የሚል ዓምድ አለን። ለእያንዳንዱ አባል ምን ይደርሰዋል? ቴሌግራም፣ አጭር መልእክት፣ ጥሪ ወይስ ሰው? ለፋፊያችን ሥራውን አላጣም። ዛሬ በእጁ የታተመ ዝርዝር አለ፤ «ጥሪ» ለተባሉት ይደውላል፣ «ሰው» ለተባሉት የጎረቤታቸውን ልጅ ይልካል። ከደወለ በኋላ «ሰምተዋል» ብሎ ምልክት ያደርጋል።

ይህን ከንቱ ድካም የሚሉ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው እንደነበር አስታውሱ። ያን ጊዜ ሥራውን ሁሉ ቴሌግራም ላይ የጣለ ማኅበር አባሉን ማግኘት አቅቶት ነበር። ስልክ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ያለው ቀጠለ። በየሦስት ወሩ መዝገቡን አትሙት።

ገንዘብና ስብሰባ

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። ቴሌብር ወይም ባንክ፣ በእድሩ ስም በተከፈተ ሒሳብ፣ ሁለት ፈራሚ ያለው። አባሉ ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ ቢልክም በፎቶ አትመኑ፤ ፎቶ ይቀረጻል፣ ይስተካከላል። ገንዘብ ያዡ የግብይት ቁጥሩን ወስዶ ከሒሳቡ መግለጫ ጋር ያስተያይ፣ ከዚያ «ክፍያ» ላይ ይጻፍ። ሲከፍሉ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የአባል ቁጥራቸውን ብቻ እንዲጽፉ አስለምዷቸው።

ጠቅላላ ጉባኤ በኢንተርኔት ይሆናል ወይ? ይሆናል፣ ግን መጀመሪያ ደንባችሁን አሻሽሉ። በአካል ተሰብስባችሁ «በርቀት የተገኘ እንደተገኘ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ አጽድቁ። ያለዚያ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም የሚል አንድ ሰው ውሳኔውን ሁሉ ያፈርሰዋል። በነፃው ዙም የቡድን ስብሰባ 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቋረጣል። የእድር ስብሰባ ደግሞ በ40 ደቂቃ ስም ጥሪውንም አይጨርስ። እኛ የቴሌግራም ግሩፑን ቮይስ ቻት እንጠቀማለን። ሰብሳቢው የሁሉንም ማይክ ዘግቶ እጅ ላነሳ ብቻ ይከፍታል። እዚህ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው መሐል አንድ ስልክ ከድምፅ ማጉያ ጋር ይቀመጣል። የሲልቨር ስፕሪንጎቹ ከዚያ ነው የሚናገሩት። አልፎ አልፎ ከእኛ በላይ ይናገራሉ።

ልጆቹና ሽማግሌዎቹ

ሰፈር ሳለን የእድሩ ቤት ክረምት ክረምት ማስጠኛ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ታናናሾቹን ያስጠናሉ። አሁን ያ ለብቻው የቴሌግራም ግሩፕ ሆኗል። አስጠኚው ማታ ማታ በኩዊዝ መልክ ጥያቄ ይለጥፋል። ፖል ሲዘጋጅ ኩዊዝ ሞድ የሚለውን ማብራት ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ቀድሞ ይመርጣል፣ አጭር ማብራሪያም ይጽፍበታል። የተሳሳተው ልጅ ወዲያው ማብራሪያውን ያነባል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ፣ ስክሪን ላይ አንብቦ መምረጥን መልመዱ ራሱ ጥቅም አለው።

የፊዚክስ አስተማሪ የሆነ አባላችን ደግሞ ፌት የሚባለውን አመጣልን። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው ነፃ የሳይንስ ማሳያ ነው። ልጁ ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በጣቱ እየጎተተ ሰርኪዩት ይሠራል፤ ሲሳሳት አምፖሉ አይበራም። ደስ የሚለው፣ ማሳያውን አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት በብሮውዘር ይከፈታል። አስተማሪው አውርዶ ፋይሉን በብሉቱዝ አከፋፈላቸው። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሽማግሌዎችን ማስተማር ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ከስብሰባ በኋላ ቡና ሲፈላ፣ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። አንድ ቀን የድምፅ መልእክት ከፍቶ መስማት። ሌላ ቀን አውራ ጣት በመንካት «ደርሶኛል» ማለት። ሌላ ቀን ካርታ። መጀመሪያ ግን የጽሑፉን መጠን አሳድጉላቸው፤ ብዙዎቹ «አይገባኝም» የሚሉት ስለማይታያቸው ነው። የሚያስተምረው ወጣት ስልኩን ተቀብሎ እንዳይነካካ። ስልኩ ከእጃቸው ሳይወጣ እሳቸው ራሳቸው ይንኩት። ቀምቶ የሠራላቸው እንደሆነ «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ይመርቁታል፣ ቤታቸው ሲደርሱ ግን ምንም የለም። ማንበብ ለማይችሉ ማስታወቂያውን ሁሉ በድምፅም እናወጣለን፤ የሚያነበው ለፋፊያችን ነው፣ ድምፁን ያውቁታላ።

ኩዊዙን ለአዋቂውም ሞከርነው። «አማት ሲሞት እድሩ ስንት ይከፍላል?»፣ «ስንት ወር ያልከፈለ ከአባልነት ይሰረዛል?» እያልን ከመተዳደሪያ ደንቡ እንጠይቃለን። ደንቡ ታትሞ ሲሰጥ ማንም አላነበበውም ነበር። አሁን «መልሱ ተሳስቷል!» ብሎ አንቀጽ ጠቅሶ የሚከራከር ሁሉ መጣ። አንዳንዴ እውነትም የተሳሳትነው እኛ እንሆናለን።

ከሥልጣን ስትወርዱ

ጸሐፊ ይቀየራል። ዳኛም ይቀየራል። የእድሩ ጂሜይል የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ከገንዘብ ያዡ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ማስመለሻ ስልኩ የዳኛው ይሁን። ጎግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል በየጊዜው ግቡበት።

የቴሌግራሙ ቻናልና ግሩፕ ደግሞ ባለቤት አላቸው፤ የከፈታቸው ሰው ማለት ነው። አድሚን መሾም ብቻውን ባለቤትነትን አያዛውርም። ትራንስፈር ኦነርሺፕ የሚለውን ለማድረግ አስረካቢው ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ተጨማሪ የይለፍ ቃል) ቢያንስ 7 ቀን ቀድሞ ያበራ መሆን አለበት፤ በማስረከቢያው ዕለት ቢያበራው አይሆንም። ምርጫችሁ ሰኔ ላይ ከሆነ ግንቦት ላይ አብሩት።